ከእንጨት አውሮፕላን ለሚሠራ ሰው፦ የትኛው ኮላ ይሻላል?

በጋራዡ ውስጥ ከእንጨት አውሮፕላን ለመሥራት የተነሳ ሰው ንድፉን ገዝቶ ገና ገልጦ ሳይጨርስ «ከሁሉም ጠንካራው ኮላ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ለምርጫ ብዙም አይረዳም። ለአውሮፕላን የሚሆኑ ኮላዎች ሁሉ በደንብ ከተሠራባቸው ከእንጨቱ ይበረታሉ። ለክንፍ የሚመረጠው ቀላል እንጨት ሲትካ ስፕሩስ በቃጫው አቅጣጫ ለመሸራተት የሚቋቋመው ኃይል በካሬ ሴንቲሜትር 80 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከተጫነው ኮላው ሳይለቅ እንጨቱ ራሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በቆርቆሮው ላይ በትልቁ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር አንዱን ከሌላው አይለይላችሁም።

የሚለያቸው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ከባድ ጫና ይፈልጋል፣ ሌላው ጫና ይጎዳዋል። አንዱ ብርድ አይወድም፣ ሌላው ፀሐይ አይወድም። አንዱ እንጨቶቹ ያለ ምንም ክፍተት እንዲገጥሙ ያስገድዳል፣ ሌላው ትንሽ ክፍተት ይሞላል። እኔ ኮላ ምረጥ ብባል መጀመሪያ የማየው የመሥሪያ ቦታውንና የሠሪውን እጅ ነው። ከኮላው ይልቅ እሱ ይወስናል።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን?

እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1931 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ባዛር በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ወደቀ። ፎከር ኤፍ-10 ነበር። ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ አንዱ በመላ አሜሪካ የታወቀው የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኝ ክኑት ሮክኒ ነው። ክንፉ በአየር ላይ ተገንጥሎ ነበር። በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ምክንያት ደግሞ በእንጨቱ ክንፍ ውስጥ የገባ እርጥበት ኮላውን አላልቶት መቆየቱ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ክንፉ ደህና ይመስል ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ በአሜሪካ የእንጨት ክንፍ ያለው የመንገደኞች አውሮፕላን ዘመኑ አበቃ። ኩባንያዎቹ ፊታቸውን ወደ ብረት አዞሩ።

ሌላው ታሪክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጀርመኖች ጥሩ የእንጨት አውሮፕላን ኮላ ነበራቸው፤ ቴጎ ፊልም ይባላል። ፋብሪካው ዉፐርታል ከተማ ውስጥ ነበር። እንግሊዞች በቦምብ መቱት። በምትኩ የመጣው ኮላ ውስጥ ያለው አሲድ እንጨቱን ራሱን ይበላው ነበር። ሄንክል 162 የተባለው የጄት ተዋጊ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1944 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረ በአራተኛው ቀን ለባለሥልጣናት ሲታይ ክንፉ ተላጠ፤ አብራሪውም ሞተ። ዲዛይኑ ያው፣ እንጨቱም ያው ሊሆን ይችላል። የተለወጠው ኮላው ብቻ ነው።

በእንግሊዝ በኩል ደግሞ ሞስኪቶ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1940 የበረረው ይህ የእንጨት ቦምብ ጣይ መጀመሪያ የተጣበቀው ከወተት በሚሠራ ኬዚን ኮላ ነበር። ኋላ ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ወደሚባል ሰው ሠራሽ ኮላ ተዛወረ። በ1944 ወደ ሕንድና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የተላኩት አንዳንዶቹ መገጣጠሚያቸው ሲለቅ ተገኘ። ምርመራው ሙቀቱንና እርጥበቱን ብቻ ተጠያቂ አላደረገም። በፋብሪካው በደንብ ያልገጠሙና በደንብ ያልተጣበቁ ቦታዎችም ነበሩ። ይህን ልብ በሉ። የተሻለ ኮላም ቢሆን የተዝረከረከ አሠራር አያድነውም።

ሪሶርሲኖል፦ አሮጌው ዳኛ

ጥቁር ቀይ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም ያለው ኮላ ነው። ፈሳሽና ዱቄት ሆኖ ይመጣል፤ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ በአውሮፕላንም በጀልባም ሲሠራበት ኖሯል። ውኃ ውስጥ ቢኖር፣ ቢፈላ፣ ፀሐይ ቢመታው መገጣጠሚያው አይለቅም። የአሜሪካ የአቪየሽን መሥሪያ ቤት ኤፍኤኤ በ1998 ባወጣው የጥገና መመሪያ ውስጥ ለእንጨት አውሮፕላን መዋቅር የሚመከርና የተፈቀደ ብሎ በስም የጠራው እሱን ብቻ ነው። መመሪያው የተጻፈው ፈቃድ ላላቸው አውሮፕላኖች ጥገና ነው። በአሜሪካ «ኤክስፐሪሜንታል» በሚባለው ምድብ ራሱ ለሚሠራ ሰው ግዴታ አይደለም። ቢሆንም ሁሉም ኮላ የሚለካው ከሪሶርሲኖል አንፃር ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው እሱን አይጠቀምም? ስለሚያስቸግር ነው።

አንደኛ፣ ጫና ይፈልጋል፤ ያውም ብዙ። እንደ ስፕሩስ ላለ ለስላሳ እንጨት በካሬ ሴንቲሜትር ከ9 እስከ 10 ኪሎ፣ ለጠንካራ እንጨት እስከ 14 ኪሎ ድረስ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እናስላው። ሁለት ሴንቲሜትር ውፍረትና አሥር ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን የስፓር እንጨት ማለትም የክንፉን ዋና ተሸካሚ በ1 ለ12 ዝንባሌ አስረዝማችሁ ልትቀጥሉ ነው እንበል። የመገጣጠሚያው ርዝመት 24 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ 240 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። በ10 ኪሎ ስታባዙት 2,400 ኪሎ። ሁለት ቶን ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህን በሁለት ትናንሽ ሞርሳ አታገኙትም። ብዙ ጠንካራ ማጥበቂያዎችን ጎን ለጎን መደርደርና ጫናው እኩል እንዲሰራጭ ከላይና ከታች ወፍራም እንጨት ማስገባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ክፍተት አይታገስም። የኮላው ንጣፍ ስስ መሆን አለበት፤ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ። ከዚያ ሲወፍር ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰባበራል። በመጋዝ ቆርጣችሁ «ይሄ ይበቃል» ያላችሁት መገጣጠሚያ ለሪሶርሲኖል አይበቃም። መላጊያ ይፈልጋል፤ ስለቱ የተሳለ መላጊያ።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አስተማማኝ ሆኖ አይደርቅም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚለካው የክፍሉ አየር ሳይሆን የኮላው መስመር ሙቀት ነው። ከቀዝቃዛ ጋራዥ የወጣ ወፍራም እንጨት አየሩ ከሞቀ በኋላም ውስጡ ለሰዓታት ብርድ ሆኖ ይቆያል። በሚኒሶታ ክረምት ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወገን ይህን ያውቀዋል። አዲስ አበባም ብትሆኑ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ኮላውን ያጠፋዋል፤ ቀን ሞቆ ያያችሁት ክፍል ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው ሥራውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ከሥሩ ማሞቂያ ማድረግና ቴርሞሜትር መስካት ነው። ይቻላል። ግን በየሪቡ ማለትም ለክንፉ ቅርጽ በሚሰጡት ተሻጋሪ እንጨቶች ሁሉ ላይ ይህን ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለሪሶርሲኖል የምሰጠው አንድ ትልቅ ነጥብ ግን አለ። ቀለሙ። ከመገጣጠሚያው ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ተጨምቆ የወጣ ጥቁር መስመር ካያችሁ ኮላው ሁሉም ቦታ መድረሱን ታውቃላችሁ። የትም ቦታ መስመሩ ከተቋረጠ ዐይናችሁ ወዲያው ያየዋል። ልብስ ላይ ግን እንዳይነካችሁ፤ አይለቅም።

የቆይታ ጊዜውም አጭር ነው። ፈሳሹ በመደርደሪያ ላይ ዓመት ገደማ ነው የሚቆየው። አውሮፕላን ደግሞ በዓመት አያልቅም። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ቀኑን ማየት ግድ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው የጉዞውንና የጉምሩኩን ጊዜ ከዕድሜው ላይ ይቀንስ።

ኢፖክሲ፦ ይቅር ባዩ

ዛሬ በአሜሪካ ከእንጨት አውሮፕላን የሚሠሩ አብዛኞቹ ሰዎች እጃቸው ኢፖክሲ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለጀማሪ ይመቻል። ከፍተኛ ጫና አይፈልግም። ሁለቱ እንጨቶች በእርጋታ ከተነካኩና ካልተንቀሳቀሱ በቂ ነው። ትንሽ ክፍተትም ይሞላል። የሲስተም ስሪ ኩባንያ ቲ-88 የሚባለው ለእንጨት አውሮፕላን በጣም የተለመደ ነው። ሬዚኑ ማለትም ዋናው ፈሳሽና ማጠንከሪያው በመጠን (በሚሊሊትር) አንድ ለአንድ ይደባለቃሉ። እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይደርቃል፤ ዝግ ቢልም። ለቀዝቃዛ ጋራዥ ትልቅ እፎይታ ነው።

እዚህ ላይ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። በመጠን አንድ ለአንድ ማለት በክብደት አንድ ለአንድ ማለት አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች እኩል አይመዝኑም። በሚዛን የምትሠሩ ከሆነ አምራቹ ለክብደት የሰጠውን ቁጥር ለይታችሁ ፈልጉ። ኢፖክሲ እንደ ቀለም ማጠንከሪያው ሲበዛ ቶሎ የሚደርቅ ነገር አይደለም። ሁለቱ በትክክለኛ መጠን ካልተገናኙ የተረፈው ዝም ብሎ እዚያው ይቀራል፤ መገጣጠሚያውም ለዘላለም ለስላሳ ይሆናል። ማንም ሰው ለማፍጠን ብሎ እንዳይጨምር።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። ከሪሶርሲኖል የመጣ ሰው ልማዱን ይዞ ሞርሳውን ያጠብቃል። ኢፖክሲው ተጨምቆ ይወጣና ውስጡ ባዶ ይቀራል። ጠርዙ ላይ የተትረፈረፈ ኮላ ስታዩ «ጥሩ ነው» ትላላችሁ፤ መሐሉ ግን ኮላ የለውም። የቃጫ ጫፍ ያለበት ቦታ በተለይ ኢፖክሲውን ይጠጣዋል። እዚያ ላይ መጀመሪያ ስስ ቅብ ቀብቶ ትንሽ መጠበቅ፣ ከዚያ ድጋሚ ቀብቶ መግጠም ይበጃል።

የጉጀን ወንድማማቾች ዌስት ሲስተምም በጀልባ ሠሪዎች ዘንድ ስመ ጥር ነው፤ በአውሮፕላን ላይም ይሠራበታል። ይህኛው በተለመደው ማጠንከሪያው አምስት ለአንድ ነው የሚደባለቀው፤ ቀጭን ስለሆነ ለመገጣጠሚያ በሲሊካ ዱቄት ማወፈር ያስፈልጋል። ዱቄት ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ማይክሮባሉን የሚባለው ቀላል ዱቄት ለማለስለሻ ነው። ክንፍ የሚሸከም መገጣጠሚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ጤናም አለ። ኢፖክሲ ቀስ በቀስ አለርጂ ያመጣል። ለወራት ምንም ያልሆነ ሰው አንድ ቀን እጁና ፊቱ ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው በተከፈተበት ክፍል መቀመጥ እንኳ ሊከብደው ይችላል። ፕሮጀክቱን ግማሽ ላይ ጥለው የሄዱ አሉ። ጓንት በየጊዜው ቀይሩ። ቆዳ ላይ ከነካ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ እንጂ አሴቶን አትጠቀሙ፤ አሴቶን ኢፖክሲውን ወደ ቆዳ ውስጥ ነው የሚያስገባው። ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ኢፖክሲም በብርጭቆ ወረቀት አታሹ፤ ብናኙ መጥፎ ነው። ሪሶርሲኖልም ቢሆን ፎርማልዲሃይድ ስለሚለቅ መስኮት ይከፈት።

የኢፖክሲ ጠላት ፀሐይ ናት

ይህ ለብቻው ርዕስ የሚገባው ጉዳይ ነው፤ በተለይ ሙቀት ባለበት አገር ለሚኖር አንባቢ። በክፍል ሙቀት የሚደርቁ ብዙ ኢፖክሲዎች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራሉ። ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ይጠነክራሉ። ነገር ግን በለሰለሱበት ሰዓት ጭነት ካለባቸው ሊሸራተቱ ይችላሉ። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ወለል ደግሞ ከ80 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ዱባይ ወይም ሪያድ የኖረ ሰው መኪናውን በእጁ ነክቶ ያውቀዋል።

ስለዚህ በኢፖክሲ የሠራ ሰው አውሮፕላኑን ነጭ ይቀባ። ነጭ፣ ወይም በጣም የደበዘዘ ቢጫ። ለውበት ሳይሆን ለክንፉ ነው። የክንፉ የላይኛው ክፍል ቀይ ወይም ሰማያዊ እንዲሆን የምር ከፈለጋችሁ የኮላ ምርጫችሁ ወደ ሪሶርሲኖል ማዘንበል አለበት። ብዙ ሰው ቀለሙን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው። እኔ ግን ከኮላው ጋር አብሮ መጀመሪያ ቀን ይወሰን ባይ ነኝ። ኤፍኤኤም ስለ ኢፖክሲ ጠንቀቅ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙዎቹ በእርጥበትና በከፍተኛ ሙቀት የሚያሳዩት ብርታት አስተማማኝ እንዳልሆነ ጠቅሶ፣ የሚፈለገውን መስፈርት የሚያሟላ ካልሆነ ለመዋቅር አይመክረውም። ስለዚህ «ኢፖክሲ» የሚል ስም ስላለው ብቻ ከሃርድዌር ሱቅ ያገኛችሁትን የአምስት ደቂቃ ቱቦ አትመኑ።

ኤሮላይትና የዩሪያ ቤተሰብ

በእንግሊዝ ያለ አንባቢ ኤሮላይት የሚለውን ስም ይሰማል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ዳክስፎርድ ውስጥ በኖርማን ደ ብሩይን ኩባንያ የተሠራ ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ነው። አንዱ እንጨት ላይ ኮላው፣ ሌላው ላይ አሲዱ ይቀባል፤ ሲገናኙ መድረቅ ይጀምራል። የሚያስደስት አሠራር ነው። እስክትገጥሙት ድረስ ጊዜ አላችሁ፤ ከገጠመ በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። በእንግሊዝ ሰዎች በቤታቸው ለሚሠሩት አውሮፕላን ለዘመናት አገልግሏል።

ኤፍኤኤ ግን የዩሪያ ኮላን ጊዜው ያለፈበት ይለዋል። በሞቃትና በእርጥብ ቦታ፣ እንጨቱ እየረጠበና እየደረቀ ሲያብጥና ሲኮማተር ይዳከማል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ደረቅ ሃንጋር ካላችሁና በአካባቢያችሁ የሚያውቀው መርማሪ ካለ ይሁን። ሞምባሳ ወይም ማያሚ ለሚያድር አውሮፕላን ግን አልመርጠውም።

ለአውሮፕላን የማይሆኑ

ነጭ ኮላ። በየሱቁ የሚገኘው፣ የቤት ዕቃ የሚሠራበት። ለወንበር ግሩም ነው። ችግሩ ጥንካሬ ማነሱ አይደለም። በቋሚ ጭነት ሥር ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ክንፍ ቋሚ ጭነት የሚሸከም ነገር ነው። ታይትቦንድ የመሳሰሉት ቢጫዎቹም፣ «ውኃ የማይነካው» የሚል የተጻፈባቸውም ጭምር፣ ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። ለመሥሪያ ጠረጴዛችሁ ተጠቀሙባቸው።

ጎሪላን የመሰሉ የፖሊዩሪቴን ኮላዎች አረፋ እየሠሩ ያብጣሉ። ክፍተቱን የሞሉ ይመስላሉ፤ አረፋው ግን ምንም አይሸከምም።

ኬዚን ኮላ ታሪክ ነው። እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ይበላዋል። አሮጌ አውሮፕላን ገዝታችሁ የምታድሱ ከሆነ ግን ልታገኙት ትችላላችሁ። ያኔ አሮጌውን ኮላ እስከ ንጹሕ እንጨት ድረስ ፍቃችሁ አንሱ። የኬዚን ቅሪት ሪሶርሲኖልን እንዳይደርቅ ያደርገዋል።

በአውሮፕላን ፕላይውድ ውስጥ ያሉት ንጣፎች የሚያያዙት በፊኖል ኮላ ነው። ምርጥ ኮላ ነው፤ ነገር ግን በጋለ መጭመቂያ የሚሠራ የፋብሪካ ሥራ ነው። እናንተን የሚመለከተው ፕላይውዱን ስትገዙ ነው፤ የአቪየሽን ደረጃ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ለቤት ዕቃ የተሠራ ፕላይውድ ላይ ምርጥ ኮላ ማፍሰስ ትርጉም የለውም።

የእንጨቱ ዝግጅት ኮላውን ይበልጣል

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኮላ ገዝተው የተለያየ ውጤት የሚያገኙት እዚህ ነው።

የእንጨቱ እርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ ይሁን። ዋናው ደግሞ ሁለቱ የሚጣበቁት እንጨቶች ተቀራራቢ እርጥበት እንዲኖራቸው ነው። አንዱ ከውጭ የመጣ፣ ሌላው ቤት ውስጥ የከረመ ከሆነ ከተጣበቁ በኋላ አንዱ ሲኮማተር ሌላው አይከተለውም፤ መሐላቸው ያለው ኮላ ያለ ምንም በረራ ተወጥሮ ይኖራል። እንጨቱን ከመሥሪያው ክፍል አስገብታችሁ ጊዜ ስጡት።

ለስላሳ እንጨት በመላጊያ ይላግ እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይታሽ። ወረቀቱ የእንጨቱን ቀዳዳዎች በብናኝ ይደፍናቸዋል፤ ጠርዙንም ያጎብጠዋል። ፕላይውድ ግን የተለየ ነው። በፋብሪካ ሲጨመቅ ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ይሠራል፤ ኮላው እንዲገባ በስስ ወረቀት በቃጫው አቅጣጫ ቀለል አድርጋችሁ እሹት፣ ብናኙንም አጽዱ። እንዴት ልወቅ ካላችሁ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ፊቱ ተዘግቷል ወይም ቅባት ነክቶታል። ተዘርግቶ ከሰረገ ዝግጁ ነው።

ከላጋችሁ በኋላ ደግሞ አታሳድሩት። በስምንት ሰዓት ውስጥ ይጣበቅ። ሌላው ቢቀር ቅዳሜ ልጋችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አታቆዩት።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ?

ከሁሉ በፊት ንድፉን አንብቡ። ንድፍ አውጪው የጠራው ኮላ ካለ ጭነቱን ያሰላው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ግን ዓመቱንም እዩ። ፒተንፖል ኤር ካምፐር የ1929 ንድፍ ነው፤ ያኔ የነበረውን ኮላ ዛሬ የሚያስገድዳችሁ የለም። ፍላይ ቤቢም የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ነው። የድሮ ንድፍ ላይ ኮላ ማሻሻል ተገቢ ነው፤ ማውረድ ግን አይሆንም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆናችሁ፣ ጋራዣችሁ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ እጃችሁም ገና የአናጢ እጅ ካልሆነ፣ ቲ-88ን የመሰለ ለመዋቅር የተሠራ ኢፖክሲ ውሰዱ፤ አውሮፕላኑም ነጭ ይሁን። ሪቦቹን አስቡ። አንድ ክንፍ ላይ ብዙ ሪቦች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ከትናንሽ የፕላይውድ ቁርጥራጮች የተሠሩ ብዙ መገጣጠሚያዎች። ሦስት በሦስት ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ለሪሶርሲኖል 90 ኪሎ ጫና ይፈልጋል። በትናንሽ ምስማሮች ይህን ጫና በእርግጠኝነት ማግኘት ከባድ ነው። ኢፖክሲ እዚህ ላይ ምንም ክርክር የለበትም።

ስፓሩ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ስፓር ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ በመላጊያ በሚገባ የሚስተካከልና ብዙ ማጥበቂያ የሚደረደርበት ነው። ሞቃት ክፍል፣ በቂ ሞርሳና ልምድ ያለው ሰው ስፓሩን በሪሶርሲኖል፣ የቀረውን በኢፖክሲ ቢሠራ ደስ ይለኛል። አንድ አውሮፕላን ላይ ሁለት ኮላ መኖሩ ነውር አይደለም፤ አንድ መገጣጠሚያ ውስጥ እስካልተደባለቁ ድረስ። ሞቃት አገር ለሚኖርና አውሮፕላኑን ከቤት ውጭ ለሚያሳድር ሰው ደግሞ ለዋና ዋናዎቹ መገጣጠሚያዎች ሪሶርሲኖል ድካሙ የሚያዋጣ ነው።

ሞርሳ የሌለው፣ ማሞቂያ የሌለው፣ እንጨቱንም በእጅ መጋዝ ብቻ የሚቆርጥ ሰው «ባለሥልጣኑ የመከረው እሱን ነው» ብሎ ሪሶርሲኖል ቢገዛ ግን እሰጋለታለሁ። በወረቀት ላይ የተሻለው ኮላ በእሱ እጅ የባሰው ይሆናል።

ናሙና

ኮላ ባደባለቃችሁ ቁጥር ከዚያው ድብልቅ ከዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ ናሙና አጣብቁ። ከአውሮፕላኑ ጋር አንድ ቦታ፣ በአንድ ሙቀት ይድረቅ። ቀኑን፣ የክፍሉን ሙቀትና የቆርቆሮውን የምርት ቁጥር ጻፉበት። ከደረቀ በኋላ በመሮ ወይም በመዶሻ ስበሩት። የተሰበረው ፊት በሙሉ በእንጨት ቃጫ ከተሸፈነ ኮላው ሥራውን ሠርቷል። ፊቱ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ቃጫ ከሌለበት በዚያን ቀን የተጣበቀውን ሁሉ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ፤ ምናልባት መጠኑ ተሳስቷል፣ ምናልባት በርዷል፣ ምናልባት እንጨቱ ቅባት ነበረው።

ኢፖክሲ ከሆነ አንዱን ናሙና ምድጃ ውስጥ 60 ዲግሪ ላይ አሙቃችሁ ትኩስ እያለ ስበሩት፤ ሌላውን በቀዝቃዛው። ልዩነቱን በእጃችሁ ታዩታላችሁ። የተሰበሩትን አትጣሉ። በቀን በቀን ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ከአውሮፕላኑ መዝገብ ጋር አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ መርማሪው ወይም አውሮፕላኑን የሚገዛችሁ ሰው «ይህ ክንፍ እንዴት ተጣበቀ?» ብሎ ሲጠይቅ ከረጢቱን ትሰጡታላችሁ።